ባሌ አልጠፋም

«ሰው ስለ እኔ ምን እንዳለ ግድ የለኝም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው ያደግሁት። ግድ የለኝም የምለው ግን ስለ እኔ የሚባለው ሁሉ ደግ ደጉ ይመስለኝ ስለነበር ነው። እንዳልሆነ ያወቅሁት ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ አንድ የብድርና ቁጠባ ቢሮ መስኮት ላይ ቆሜ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል።

ያኔ ከማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ የምኖር፣ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ያገባሁ ልጅ እግር ሴት ነበርኩ። ምላሴ ስለታም ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ባሌ ይሁኔ ደግሞ ተቃራኒዬ ነበር። አሥር ነገር ስናገረው አንድ ይመልሳል፣ እሷንም ፈገግ ብሎ። በተጋባን በዓመቱ በሬ ለመግዛት ከብድርና ቁጠባው ተበደርን። የገጠር ሰው የሚያሲዘው ነገር ስለሌለው ብድሩ የሚሰጠው በቡድን ነው፤ ጎረቤታሞች ተሰባስበው አንዱ ላንዱ ዋስ ይሆናል፣ አንዱ ሳይከፍል ከቀረ ሌሎቹ ይከፍሉለታል። የቡድናችን መሪ አያ ደምለው ነበሩ። እርፍ ከመያዝ ሌላ ዕርቅ ማስታረቅ የሚያውቁ፣ የይሁኔን አባት የቀበሩ፣ ለእኛም እንደ አባት የሆኑ ሰው ናቸው።

መስቀልን አብረን ውለን ይሁኔ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሄደ። እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ከእሱ የማልጠብቀው ረዥም ንግግር ተናገረ።

«ምናልባት ብቆይ መሬታችንን ለእኩል አራሽ እንዳትሰጭ። ግንቦት ሲገባ ሄደሽ በስምሽ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ብድር ውሰጅ። የእኛ ስም ንጹሕ ነው፤ አይከለክሉሽም።»

ኅዳር አለቀ፣ ሰሊጥ ያጨዱት ሁሉ ተመለሱ፣ ይሁኔ ግን አልመጣም። ሞባይል የሚባለው ነገር ያኔ ከነጋዴ ኪስ ወደ እኛ ሰፈር ገና አልዘለቀም። ታኅሣሥ ላይ አያ ደምለው ደጄ ድረስ መጥተው «ይሁኔ እዚያው እርሻ ላይ ሌላ ሥራ ይዟል አሉ። ገንዘብ ልኮ የበሬውን ዕዳ ዘግተናል። አንች ብቻ በሰላም ተገላገይ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ይህን ወሬ ይዤ ውኃ ስቀዳም እህል ሳስፈጭም ባሌ ከበረሃ ዕዳ የሚዘጋ ሰው ነው እያልኩ ጎረቤቱን አደነቆርኩት። ሴቶቹ «እሰይ፣ እሰይ» ይሉኝ ነበር።

ጥር ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። አማቴ አራስ ጥየቃ አልመጡም። «አሟቸዋል» ተባልኩ። ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው እየተጎተቱ እንኳ መምጣት አቃታቸው ብዬ ቂም ያዝኩባቸው። ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳም አልመጡም። ያን ዕለት የመጡት ሴቶች ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ አስረው ነበር። አንዷ እልልታ ጀምራ መሃል ላይ አቆመችው። ጾሙ ነው ያቀዘቀዛቸው ብዬ አለፍኩት።

ፋሲካ አለፈ፣ ግንቦት ገባ። ባሌ እንዳለኝ ልጄን አዝዬ ወደ ማርቆስ ለመሄድ ስወጣ የአያ ደምለው ሚስት እትየ ስንዱ አጥራቸው ሥር አገኙኝ።

«በማለዳ ወዴት ነው ጥሩየ?»

«ብድር ልወስድ። መሬቱ ሳይዘራ ሊያልፍበት ነው።»

«ምን አስቸኮለሽ? ደቦ ወጥተን እናርስልሽ የለም?»

«ደቦ የሚወጡላት ለመበለት ነው እትየ። እኔ ባል አለኝ» አልኳቸው።

እትየ ስንዱ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው የሆነ እንጨት ማስተካከል ጀመሩ። እኔም መንገዴን ቀጠልኩ።

ቢሮው በሰው ተጨናንቆ ነበር። የብድሩ ሠራተኛ ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። ስሜንና የባሌን ስም ጠየቁኝ፣ ከመደርደሪያ ፋይል አወጡ። ከላይ የይሁኔ ጉርድ ፎቶ ተለጥፎበታል። ለብድሩ ሲል ማርቆስ ድረስ መጥቶ በሕይወቱ የተነሳት አንዲት ፎቶ ናት። ፎቶ አንሺው አትሳቅ ብሎት አፉን ገጥሞ ሊስቅ የደረሰ ይመስላል። ሳየው እኔም ሳቄ መጣ።

ወይዘሮ አልማዝ ግን አልሳቁም። «እህቴ፣ በባለቤትሽ ስም ላይ እንከን አለ። ለቤተሰቡ ማበደር አልችልም» አሉኝ።

«የምን እንከን?»

ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው አነበቡልኝ። «ተበዳሪው አካባቢውን ለቆ ጠፍቷል። ዕዳው በዋሶቹ ተከፍሏል።»

መጀመሪያ የሌላ ሰው ፋይል መሰለኝ። ፎቶውን እንደገና አየሁት፤ ይሁኔ ነው። «ተሳስታችኋል» አልኩ፣ ድምፄ ሰልፉን ሁሉ አዞረው። «ባሌ መተማ ሥራ ላይ ነው እንጂ አልጠፋም! ዕዳውንም ራሱ ልኮ ነው የከፈለው!»

«የከፈሉት ዋሶቹ ናቸው። ፊርማቸው ይኸው። ጠፍቷል ብሎ የመሰከረውም የቡድኑ መሪ ነው፤ ደምለው ይላል።»

አያ ደምለው! ደጄ መጥተው ልኮ ዘጋን ያሉኝ ሰው!

ወይዘሮ አልማዝ ደግ ሴት ነበሩ። ሰልፈኛው እያጉረመረመ ቀስ ብለው አስረዱኝ። «ይኼ ጽሑፍ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰው የነገረንን ነው የጻፍነው። ስህተት ከሆነ ይታረማል። የተጻፈብሽን የማየት፣ ትክክል አይደለም የማለት መብት አለሽ። ዝም ብለሽ ከሄድሽ ግን እንደተጻፈ ይኖራል፤ ሌላ አበዳሪ ቢጠይቀንም የምንነግረው ይኸንኑ ነው። በአንቺ ቃል ብቻ ግን አልለውጠውም። የመሰከረው ሰው መጥቶ ትክክለኛውን ይናገርና ይፈርም። ደግሞ ፍጠኚ፤ የዘንድሮ ብድር በዚህ ሳምንት ይዘጋል።»

ልወጣ ስል ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከባለቤትሽ መልእክት ከደረሰሽ ቆየ?» አሉኝ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ለማሰብ ሞከርኩ። በእሱ በራሱ አንደበት የተላከ አንድም ቃል አልነበረም። የሰማሁት ሁሉ «አሉ» ነበር።

በመመለሻዬ መንገድ የሚሰማኝ ንዴት ብቻ አልነበረም። ሁለት ነገር እያወጣሁ አወርድ ነበር። ወይ አያ ደምለው ባሌን አዋርደውታል፤ ወይ ደግሞ እውነት ጠፍቷል፣ በረሃ ሌላ ሴት ይዞ ቀርቷል፣ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሴቶቹ «እሰይ» የሚሉኝ አዝነውልኝ ነው። ሁለተኛው ሲመጣብኝ ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ አየኋት። አፏ የእሱ ነው፤ ልትስቅ የደረሰች ትመስላለች። አይ፣ ይሁኔ ይህን አያደርግም አልኩና እርምጃዬን አፈጠንኩ። ሦስተኛ ነገር ግን አልመጣብኝም። እግዜር ያውቃል፣ አንድም ጊዜ አልመጣብኝም።

አያ ደምለው ግቢያቸው ውስጥ ቀንበር እየጠረቡ ነበር። ሰላም እንኳ አላልኳቸውም።

«ባሌን ሌባ ያደረጉት እርስዎ ነዎት?»

መጥረቢያው እጃቸው ላይ ቀረ። «የት ሄደሽ ነበር?»

«የት እንደሄድኩ እትየ ስንዱ ያውቃሉ። ጠፍቷል ብለው የፈረሙበትን አይቼ ነው የመጣሁት። ልኮ ዘጋን አላሉኝም? ምን አደረገዎት? አባቴ ሲልዎት የኖረ ልጅ!»

«ቀስ በይ ልጀ። እሑድ ቄሱም ባሉበት ሰው ሰብስበን እንነጋገራለን። እሑድ ድረስ ብቻ ታገሽኝ።»

«እሑድ ብድሩ ተዘግቷል! ደግሞ ስለ ብድሩ አይደለም፤ ስለ ስሙ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል አያ ደምለው! ነገ ይህች ልጅ አድጋ አባትሽ ዕዳ ጥሎ የጠፋ ነው ቢሏት ምን ብዬ ነው የምመልስላት?»

መቃብር የሚለውን ቃል ስናገር ትልቁ ሰውዬ ልክ እንደተመታ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትየ ስንዱ ከጓዳ ወጥተው በመሃላችን ቆሙ። ባልና ሚስቱ ለረዥም ጊዜ ተያዩ። በመጨረሻ አያ ደምለው መጥረቢያውን መሬት አስቀምጠው «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መጡ፤ እትየ ስንዱም አብረው ነበሩ። «እኔም ማርቆስ ጉዳይ አለኝ» አሉ። የያዙትን አገልግል ከፍተው ካልበላሽ አንሄድም ብለው ግድ አሉኝ። «ኸረ እትየ፣ በጠዋት ማን ይበላል?» ብል ሰሚ የለም፤ እየጎረሱ ሳይሆን እያጎረሱ አበሉኝ። መንገድ ላይ አያ ደምለው ከፊት፣ እትየ ስንዱ ከኋላ፣ እኔ መሃል ሆኜ ሄድን። እንደ እስረኛ አጅበውኝ ነበር የሚሄዱት፤ ያኔ ግን በሠሩት ያፈሩ መስሎኝ በሆዴ ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ አያ ደምለው ዞር ብለው «ጥሩየ፣ እኔ ክፉ ሰው ነኝ?» አሉኝ። «እሱን ፊርማዎት ይናገራል» አልኩ። ፊታቸውን መልሰው መንገዱን ቀጠሉ።

ወይዘሮ አልማዝ አስታወሱኝ። ሦስታችንንም ወደ ውስጥ አስገብተው ወንበር ሰጡንና ፋይሉን ዘረጉት። የይሁኔ ፎቶ ወደ ላይ ያየናል።

«አቶ ደምለው፣ ይኼን የመሰከሩት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ሚስቱ ስህተት ነው ትላለች።»

«ስህተት ነው» አሉ አያ ደምለው። ከደስታዬ ብዛት ወደ እትየ ስንዱ ዞሬ ተመለከትኩ። እትየ ስንዱ መሬት መሬት ያያሉ።

«እሺ፣ ትክክለኛው ምንድን ነው?»

«ዝም ብለሽ ሰርዥው የኔ እመቤት። ጠፍቷል የሚለውን ብቻ ሰርዥው።»

«መሰረዝ ብቻ አይቻልም አባቴ። በቦታው የሚጻፍ ያስፈልጋል። መተማ ሥራ ላይ ነው ካሉ የት፣ ከማን ጋር እንደሆነ ይንገሩኝና እጽፋለሁ።»

አያ ደምለው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ መልሰው አነሱት። ወይዘሮ አልማዝ እስክሪብቶአቸውን እንደያዙ ቅጹን ማንበብ ቀጠሉ።

«እዚህ ላይ የሚመረጠው ይኸው ነው። ከፍሎ ጨርሷል፤ እሱ አይሆንም፣ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። ጠፍቷል፤ እሱ ስህተት ነው አሉኝ። ወይም ደግሞ...»

ቀና ብለው የአያ ደምለውን ፊት አዩና አፋቸው ላይ ያለው ቃል ቀረ። መነጽራቸውን አወለቁ። እስክሪብቶውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

«ወይም ምን?» አልኩ።

ወይዘሮ አልማዝ ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ወይም ምን? አንብቡት እንጂ!»

እትየ ስንዱ ተነስተው ከኋላዬ መጡ። ምንም ሳይሉ ማዘያውን ፈትተው ልጄን ከጀርባዬ ወሰዷት። ጀርባዬ ሲቀለኝ ነው የገባኝ። አማቴ ለምን እንዳልመጡ ገባኝ፤ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ከል ለብሰው አራስ ቤት እንዴት ይግቡ? ግንባር ድረስ የታሰረው ሻሽ ገባኝ። የተቋረጠው እልልታ፣ የጠዋቱ ምግብ፣ የመንገዱ እጀባ፣ እሑድ ቄሱ ባሉበት የተባለው ሁሉ ገባኝ። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ የሰው መርዶ ሲሆን ከሩቅ ነበር የማውቀው።

ወደ አያ ደምለው ዞርኩ። እኒያ ስንት ሰው ያስታረቁ አዛውንት አንዲት ቃል አቃታቸው። ወይዘሮ አልማዝም የሰው መርዶ አይደፍሩም። ፋይሉ እንደተዘረጋ ነው፣ ይሁኔም ያየናል። አንድ ሰው መናገር ነበረበት።

«ሞቷል ብለው ይጻፉ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የጮኽኩትን አላስታውስም። ሲነግሩኝ ሰልፍ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተነስቶ ቆመ፣ የማያውቁኝ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ውስጥ ገቡ፣ ዘበኛውም በሩን ትቶ አለቀሰ። የማስታውሰው ወይዘሮ አልማዝ ከጠረጴዛው ዞረው መጥተው ወለል ላይ አብረውኝ እንደተቀመጡ ነው። አያ ደምለው ፊታቸውን ግድግዳ ላይ አድርገው ይናገሩ ነበር። ወባ ነው። ኅዳር ላይ ነው። አብሮት የነበረ የጎረቤት ቀበሌ ልጅ ነው ወሬውን ያመጣው፤ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቀብረውታል። «እርጉዝ ሴት መርዶ ይነገራታል እንዴ? ሁለት ነፍስ እንግደል? ስትወልድ ብለን፣ አራስ ሆንሽብን። ክርስትናው ይለፍ አልን፣ ፋሲካ መጣ። ታኅሣሥ ከብድሩ ቢሮ አንድ ሰው መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ሰብስቦን ይሁኔ የት ሄደ ሲለን፣ ሞቷል ብንል በዚያው ዕለት ጆሮሽ ይገባል። ጠፍቷል፣ እኛ እንከፍላለን አልን። ሌላ ምን እንበል ልጀ?»

ሊያነሱኝ ሞከሩ። ወደ ቤት እንሂድ፣ ሰው ይጠብቃል አሉኝ። አልነሳም አልኩ። ምላሴ ያን ዕለትም አልተወኝም።

«መጀመሪያ ይፈርሙ! ባሌ ሌባ ተብሎ አይቀበርም። ስሙን ያጥሩልኝ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ።»

ወይዘሮ አልማዝ እያለቀሱ ጻፉት። «ጠፍቷል» የሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመሩ፣ ከላይ ትክክለኛውን አደረጉ፣ አያ ደምለው ፈረሙ። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። ከዚያ ወጣሁና አለቀስኩ። እስከ ቤቴ ድረስ አለቀስኩ። ሰፈር ስንደርስ ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው ጠበቁኝ፤ ሁሉም ተላጭተው ነበር። አማቴም ያን ዕለት መጡ። ልጄን ታቅፈው «አፉን፣ አፉን እዩልኝ» ሲሉ ስንት ወር የያዝኩባቸው ቂም አንጀቴ ላይ እንደ እሳት ወደቀ።

የብድሩ ቢሮ ተበዳሪ ሲሞት ዕዳው የሚሠረዝበት ደንብ ነበረው። አያ ደምለውና ጓደኞቻቸው ከልጆቻቸው አፍ ነጥቀው የከፈሉት ተመለሰላቸው፤ እነሱ ግን ማዳበሪያና ዘር ገዝተውበት መጡ። ደቦ ወጥተው መሬቱን አረሱልኝ። ደቦ ለመበለት ነው ያልኩት እኔው ነኝ፣ ዝም ብዬ አሳረስኩ።

አንባቢዎቼ፣ እነዚያን ሰዎች ትወጃቸዋለሽ ወይስ ትቆጫቸዋለሽ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬም ሁለቱንም ነው የምላችሁ። ለሞተ ሰው ዕዳ የከፈሉ ናቸው። እኔን ከሐዘን ለማዳን ብለው ደግሞ ራሱን መከላከል የማይችለውን ሰው ስም ያጠፉ ናቸው። ሁለቱንም ያደረጉት በአንድ ልብ ነው። ምክንያቱ ደግነት ቢሆንም ፋይሉ ላይ የሚቀረው ቃሉ ብቻ ነው፤ ደግነቱን ማንም አይጽፈውም። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ተበድራችሁ ከሆነ፣ ወይም ለሰው ዋስ ሆናችሁ ከሆነ፣ ዕዳው ተከፍሏል ስትባሉ በአፍ ወሬ አትመለሱ። ሂዱና ስለ ራሳችሁ የተጻፈውን አስነብቡ። ማን እንዳለው ጠይቁ፣ ከተሳሳተም እስኪታረምና እስኪፈረምበት ድረስ ከወንበሩ አትነሱ። የምታገኙት ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር አይሆንም። እኔ ግን እንደገና ያ ጠዋት ቢመጣ እንደገና እሄዳለሁ። ባሌን ስድስት ወር ሙሉ በሕይወት ያኖሩልኝ መስሏቸው ነበር፤ ያኖሩት ግን እኔ ያላገባሁትን ሌላ ሰው ነው።

ልጄ ማንበብ ስትችል የአባቷን መልክ ካላየሁ አለችኝ። ቤታችን ፎቶ የለም። ማርቆስ ይዣት ሄድኩ። ወይዘሮ አልማዝ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ደንቡ ፎቶውን እንዲሰጡኝ ባይፈቅድም ፋይሉን ከመጋዘን አስወጥተው ዘረጉልን። ልጄ ፎቶውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጽሑፉ ወረደ፤ የተሰረዘውንም ከመስመሩ ሥር አነበበችው።

«እማየ፣ አባየ ጠፍቶ ነበር?»

እትየ ስንዱ አጥራቸውን እንዳስተካከሉት እኔም የማስተካክለው ነገር በዓይኔ ፈለግሁ። ከዚያ ተውኩት።

«አልጠፋም» አልኳት። «ሞቷል። ነይ፣ መልኩን በደንብ እይው።»